የተወተፈች መስኮት

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «አጥፉት» ነው። ፊት ለፊት ማንም አይጠራውም፤ እሱ ግን ያውቃል። ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሳይሆን አምፖል ነው። ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታ መብራት በርቶ ካገኘ፣ መጀመሪያ «አጥፉት!» ይላል፤ «እንዴት አደራችሁ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ቧንቧ የሚንጠባጠብበት ቦታ ካለ እሱ ነው የሚያገኘው። ወረቀት በጀርባውም ሳይጻፍበት ቅርጫት አይገባም። አንድ ቀን የዳይሬክተሩ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ መስኮታችን ሥር ሲያጓራ ቢሰማ፣ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ለሾፌሩ «አጥፉት» ብሎት ተመለሰ። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም።

እኔ የስልጠናው አስተባባሪ ነኝ። የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን የሚሰለጥኑት ወጣት ዶክተሮች የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ፣ ማን እንደሚያስተምራቸው የምመድበው እኔ ነኝ። ከአጥፉት ጋር አንድ ቢሮ እንጋራለን፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ስለሆነ ሲያዛጋ ጥርሱን እቆጥራለሁ። ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ የሚቀጥለውን ስትሰሙ ልትጠሉት ስለምትችሉ ነው። እኔም ለጥቂት ቀን ጠልቼው ነበር።

የሚያስተምረው ዘላቂ ልማት ነው። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ ስለሆነ ተማሪዎቹ «ዘላቂ እንቅልፍ» ይሉታል። በየዓመቱ አዲስ የሚመጡት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ዶክተር፣ በሽተኛ በሩ ላይ ተሰልፎ እየጠበቀን ስለ ጭስና ስለ ውሃ ማውራት ከእኛ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?» እሱም ይህን ጥያቄ እንደ ደመወዝ ቀን ነው የሚጠብቀው። መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ ከዚያ ይጀምራል።

«ሲያስል የመጣውን ሕፃን ሽሮፕ ሰጥተህ ሰደድከው። የት ነው የሚመለሰው? እዚያው ጭሱ ውስጥ! በሳምንቱ ደግሞ እናቱ አዝላው ትመጣለች። አንተ ያከምከው ሳሉን ነው። ቤቱን ማን ያክመው? ያ ልጅ ነገ አባት ሲሆን፣ ልጁን የሚያሳድገው በዚያው ቤት ነው። የቤተሰብ ሐኪም ማለት ገና ያልተወለደውንም በሽተኛ የሚያይ ሰው ነው።»

ያለ ምክንያት ስለሚታዘዝ መድኃኒት፣ የተረፈውም መሳቢያ ውስጥ ተከማችቶ መጨረሻው ወንዝ ስለመሆኑ፣ አንዴ ለብሰን ስለምንጥለው ጓንት ይነግራቸዋል። ይህን ሁሉ ሲያስተምር ከጀርባው ባለው መስኮት የራሳችን ጤና ጣቢያ የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ይገባል። ማቃጠያው ከክፍሉ እንዲርቅ ስንት ጊዜ አመልክቷል፤ ሰሚ የለም። መስኮቱን ግን አያስዘጋም። «ይግባ! እያሸተታችሁ ተማሩ» ይላል፤ ከዚያ ራሱ እስኪጎብጥ ያስላል።

በየዓመቱ የሚያሳያት አንዲት ፎቶ ነበረችው። ግድግዳዋ በጥላሸት የጠቆረ ማድ ቤት ናት። በእንጨት የሚነድ ትልቅ የዳቦ ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ ያጎነበሰች ሴት ከጀርባዋ ትታያለች፤ ጭሱ ትከሻዋን ሸፍኖታል። በስተቀኝ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፣ በአሮጌ ጆንያና በጨርቅ የተወተፈች። ክፍሉ ሲያንቀላፋ ይህችን ፎቶ ያወጣና ሁሌም ያችኑ ቀልድ ይቀልዳል።

«ይህቺ ቤት ያላት አንድ መስኮት ነው፤ እሷንም ወትፋ ዘጋቻት! እኛ ኦክስጅን በሲሊንደር እንገዛለን፣ እሷ በነፃ የመጣላትን አየር በጆንያ ታባርራለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ የገዛላትም ሰው አለ። የት እንዳስቀመጠችው ልንገራችሁ? ሳሎን! ዳንቴል አልብሳ፣ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበት!»

ክፍሉ በሳቅ ይነቃል። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ስቄያለሁ። የማን ማድ ቤት እንደሆነች አንዳችንም አናውቅም ነበር፤ እኔማ ከኢንተርኔት ያወረዳት ነበር የመሰለኝ። ለእናንተ ግን እንቆቅልሽ ስለማልወድ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ጀርባቸው የሚታየው ሴት ታላቅ እህቱ ናቸው።

እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና እጁን ይዘው መንገድ የሚያሻግሩት ልጅ ነበር። እሳቸው ለትዳር የደረሱ ወጣት ነበሩ። ጠያቂም መጥቶ ነበር አሉ፤ «ልጁን ለዘመድ ስጪውና እንጋባ» ሲላቸው በሩን አሳዩት። ከዚያ ዳቦ ጋገሩ። በእንጨት የጋገሩትን ዳቦ ለየሱቁ እያደረሱ አሳደጉት፣ አስተማሩት። የሰፈሩ ሰው «ባለዳቦዋ» ይላቸዋል፤ እሱ «እታለም» ነው የሚላቸው። ልጁ ጤና አልነበረውም፤ ሲተነፍስ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። «ለምን ሐኪም ሆንክ?» ሲሉት «ደረቴን ልመረምር» ይላል።

ይህን ሁሉ ግን ተማሪዎቹ አያውቁም። አስተዳደጉን ከጠየቁት «ያደግኩት መጽሐፍ መሀል ነው» ይላቸዋል። የአስተማሪ ልጅ መሰላቸው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የሐኪም ልጅ ነው ይሉ ነበር። ውሸት አልተናገረም፤ የተሳሳቱትን አላረመም እንጂ። እኔ እህቱን የማውቃቸው አንድ ቀን ቢሮ መጥተው ስላጡት ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ጠበቁት፣ ሲቆይባቸው ዳቦውን ለእኔ ትተው ሄዱ። ሲመጣ «እህትህ መጥታ ነበር» ስለው «እ» ብቻ አለ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። አጥፉት የሚኮራበት አንድ የማስተማር ዘዴ አለው፤ ሌላ ቦታ አይቼው አላውቅም። ተማሪዎቹ በየሰፈሩ እየዞሩ ቤት ያያሉ፤ ምን እንደሚነድ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ቆሻሻው የት እንደሚጣል አይተው ምክር ይሰጣሉ። ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል የተመከረው ቤት ባለቤት ክፍል ድረስ ይመጣና ይፈርድባቸዋል፤ ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም ይላል። «መክራችሁ አትጥፉ፤ የመከራችሁትን ሰው ፊቱን እያያችሁ ስሙት» ይላል አጥፉት። ሐሳቡ የራሱ ነው፤ ማንም አላስገደደውም።

በዚያ ዓመት የክፍሉ አለቃ አንዲት ቀጭን፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ዶክተር ነበረች፤ ነገር ሳይነግሯት የምታውቅ ዓይነት። የምታየውን ቤት ፍለጋ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ስትዞር ዳቦ ልትገዛ አንድ ግቢ ገባች። ቀና ስትል የተወተፈችውን መስኮት አየቻት። ጥቁሩ ግድግዳ፣ ምድጃው፣ ጆንያው፣ ሁሉም ያው ነው። ከደስታዋ ብዛት መልሷንም ሳትቀበል ልትወጣ ነበር አለችኝ።

«እናቴ፣ ክፍላችን ልንጋብዝዎት ነው» አለቻቸው። «ዶክተር ስለ እርስዎ ማድ ቤት ያስተምሩናል። ፎቶውንም አይተነዋል።»

«ስለ እኔ ማድ ቤት?» ባለዳቦዋ የዱቄት እጃቸውን ጠረጉ። «ለዶክተሮች?»

«በየዓመቱ!»

«ምን ተብሎ?»

«ብዙ ነገር ይባላል» አለች አለቃዋ፣ ዓይኗን ወደ ምድጃው አዙራ። «ዶክተርን ያውቋቸዋል እንዴ?»

ባለዳቦዋ ሳቁ። «አውቀዋለሁ እንጂ!»

አለቃዋ ሰፈሩን በሙሉ ያከመ ዶክተር ስለሆነ ነው ብላ አለፈችው። ባለዳቦዋ ደግሞ ወንድማቸው ስለ እሳቸው የሚያወራ ከሆነ እህቱ መሆናቸውም የታወቀ መሰላቸው። ሁለቱም የየራሳቸውን ሐሳብ ይዘው በደስታ ተለያዩ። እኔም ጉዱን ሳላውቅ፣ «ዶክተርን እናስደንቃቸው» ስባል እሺ ብዬ ለጥበቃው እንዲያስገባቸው ነገርኩት።

ቀኑ ደረሰ። አጥፉት ዓመቱን ሊከልስ ፕሮጀክተሩን አብርቷል፤ መብራቱን ግን አስጠፍቷል። ከጀርባው መስኮቱ ተከፍቷል፣ ጭሱ እንደ ልማዱ ይገባል። እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ያቺ ፎቶ ወጣች። «መቼም ይህቺን አትረሷትም» አለና ቀልዱን ጀመረ፤ መስኮቷን፣ ጆንያውን፣ ሳሎን የተቀመጠውን ምድጃ፣ አበባውን። ክፍሉ ሳቀ። በሩ ላይም አንድ ሰው አብሮ ሳቀ።

ዞር አልኩ። ባለዳቦዋ ቆመዋል። ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፈዋል። የሳቁት ሌላው ስለሳቀ ነው፤ ደግ ነገር የተነገረ መስሏቸው ነው። ከዚያ ሸራው ላይ ያለውን አዩ። ሳቃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

«ዶክተር!» አለች የክፍሉ አለቃ ተነሥታ። «እንግዳ አምጥተንልዎታል። የፎቶዋ ባለቤት እኒህ ናቸው!»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። ወደ እሱ አየሁ። ፊቱ አመድ መስሏል። አሁን «እህቴ ናት» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸውም ጠበቁ። ዳቦውን እንደታቀፉ አገጫቸውን ትንሽ ቀና አድርገው፣ ስሙ ሊጠራ እንደተቃረበ ተማሪ ዓይናቸውን እሱ ላይ አሳርፈው ጠበቁ።

አጥፉት መነጽሩን አስተካከለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ» አለ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ያሳደገችውን እህቱን፣ እታለም እያለ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ያደገባትን፣ መንገድ ላይ እንዳገኛት ባዳ እርስዎ አላት! እሳቸው አንድ ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር» አሉና የተሰጣቸው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ አሉ።

የክፍሉ አለቃ ስለ ቤታቸው እንዲነግሯት ጠየቀች።

«ምን እነግራችኋለሁ፣ አይታችሁታል» አሉ ሸራውን እያዩ። «እኔ ራሴ ጀርባዬን ማየቴ ዛሬ ገና ነው። ለካ ጎብጫለሁ።»

ከፊት የተቀመጠ አንድ ወጣት፣ ክፋት የሌለበት ልጅ ነው፣ እጁን አወጣ። «እናታችን፣ መስኮቷን ግን ለምንድን ነው የወተፏት?»

ባለዳቦዋ የጨርቁን ቋጠሮ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ልጅ አሳድግ ነበር። ደረቱን የሚያመው ልጅ። መስኮቷ የምትከፈተው እሱ ወደሚተኛባት ክፍል ነው፤ የሚያጠናውም እዚያው ነው። ምድጃው ሲነድ ጭሱ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ይሄድበታል። ሲያስል እየሰማሁ እንዴት ልጋግር? ወተፍኳት።»

«ጭሱስ?»

«ጭሱ ከእኔ ጋር ቀረ።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን እንዴት ነው? ልጁ?» አለ።

«ደህና ነው። ተምሮ ትልቅ ሰው ወጣው።»

«ታዲያ እሱ ካደገ በኋላ ለምን አልከፈቷትም?»

«አንዳንዴ መጥቶ ያድር ይሆናል ብዬ።»

«ይመጣል?»

«ሥራ ይበዛበታል» አሉ ቶሎ ብለው። «ብዙ ሰው ነው የሚያየው። እሱን እንኳ አትውቀሱብኝ።»

አጥፉት የፕሮጀክተሩን መቆጣጠሪያ እንደያዘ ቆሟል። ፎቶዋን ማጥፋት እንኳ አልቻለም። ሰውየው ሕይወቱን ሙሉ «አጥፉት» ሲል ኖሮ፣ ማጥፋት በነበረበት ሰዓት ጣቱ ደረቀ።

«ምድጃውን ግን የገዛልኝ ሰው ከደሞዙ ነው የገዛው» አሉ እሳቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «የእኔ እጅ ሊጥ ነው፤ ባበላሽበት ይቀየመኛል ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። አበባውን አነሳዋለሁ። የሚያስቅ አልመሰለኝም ነበር።»

ተማሪዎቹ ጭስ ማውጫ ይሠራላቸው እንደሆነ መከሯቸው። «ብትሠሩልኝ ደስ ይለኛል፤ መስኮቷን ግን አትንኩብኝ» አሉ። በኋላ ሠርተውላቸዋል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ያኔ ከማቃጠያው አንድ ወፍራም ጭስ በመስኮቱ ገባና አጥፉት ማሳል ጀመረ። ባለዳቦዋ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ከዚያ የት እንዳሉ ትዝ ያላቸው ይመስል ተመልሰው ተቀመጡ።

ዳቦውን ቆርሰው ለሁሉም አደሉ። ለእሱም ደረሰው። «ለዶክተርም» ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ያዘው እንጂ ወደ አፉ አላስጠጋውም። ሲወጡ የክፍሉ አለቃ ሸኘቻቸው፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። ልጅቷ ቆም አለች። ከዚያ ተመልሳ መጣች፤ በአጥፉት ጀርባ አልፋ መስኮቱን ዘጋችው። «ይግባ» የሚለው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ቢሮ ስንገባ በሩን ዘጋሁት።

«እህትህ አይደለችም እንዴ?»

ወንበሩ ላይ ወደቀ። «መስኮቷን ለምን እንደወተፈቻት አላውቅም ነበር» አለ። «እውነቴን ነው። አላውቅም ነበር።»

«ስለ መስኮቷ ማን ጠየቀህ? እህትህንስ አታውቃትም?»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ስንት ዓመት ሙሉ ሳስቅባት ኖሬ፣ አሁን ብድግ ብዬ እህቴ ናት ብል ምን ዓይነት ሰው ነው ይሉኛል?»

«የሆንከውን ዓይነት ነዋ!» አልኩት። ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ያፈረ ሰው ፊቱን ማየት ለሚያየውም ያሳፍራል።

በማግሥቱ እህቱ ዘንድ ሊሄድ ፈለገ፤ ብቻውን ግን ፈራ። «አብረሽኝ ነይ» አለኝ። ስንት የሰው በር ያንኳኳ ሐኪም ያደገበትን በር ለማንኳኳት ሰው ይዞ ሄደ። እሳቸው ከፈቱ። እኔን አይተው ፈገግ አሉ፤ እሱን አይተው ጎንበስ አሉ።

«ይግቡ፣ ዶክተር።»

ሳሎኗ ጠባብና ንጹሕ ናት። ወንበሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አስቀመጡት። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃው አለ፤ ዳንቴሉም አበባውም የለም። ራቁቱን ሲታይ ትልቅ ነው። አጥፉት እሱን አይቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እታለም…» አለ።

«አቤት፣ ዶክተር።»

«እባክሽ እርስዎ አትበይኝ።»

«ክፍል ውስጥ የተባባልነው እንደሱ ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እኔ አልተማርኩም፤ የተማረ ሰው ሲያደርግ ያየሁትን ነው የማደርገው።»

እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዘው መለሱት። «ፎቶውን አልተቀየምኩም። ማድ ቤቴ ጥቁር ነው፤ ጥቁር ነው ቢሉት እውነት ነው። በቀልዱም አልተቀየምኩም። እዚያ ስቆም አንዲት ቃል ነበር የጠበቅኩት። ሰው ፊት የጠበቅኳትን ቃል እዚህ ጓዳ ውስጥ ቢሰጡኝ ምን ያደርግልኛል?»

ከዚያ ዳቦው እንዳያርባቸው ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሲያስሉ ይሰማን ነበር። አጥፉት ተቀምጦ ያንን ሳል አዳመጠ። ስንት ሰው ደረት ላይ ጆሮውን ያሳረፈ ሰው፣ ይህን ሳል ዛሬ ገና የሰማው ይመስል ነበር። ስንወጣ እስከ በር ሸኙን፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉት እሱን፣ «ነይ እሺ፣ ልጄ» አሉኝ እኔን።

የመዝጊያው ክፍለ ጊዜ በሳምንቱ ነበር። አጥፉት ፕሮጀክተር አላስመጣም። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል፤ አላየውም። ከፊት ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ባለፈው ሳምንት የመጣችው ሴት ታላቅ እህቴ ናት» አለ። «እሷ ናት ያሳደገችኝ። ፎቶውን ከጀርባዋ ያነሳሁት ሳልነግራት ነው። በየዓመቱ ሰው አስቄባታለሁ። እናንተ ፊት መጥታ ስትቆም ደግሞ አፈርኩባት፤ እንደ ባዳ እርስዎ ብዬ አስቀመጥኳት። ያ ደረቱን የሚያመው ልጅ እኔ ነኝ።» ሌላም ሊል ፈልጎ ነበር፤ አልወጣለትም። «ይኸው ነው» አለ።

እኔ ሲደነግጡ፣ ሲንሾካሾኩ ጠብቄ ነበር። ማንም አልደነገጠም። የክፍሉ አለቃ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እናውቃለን፣ ዶክተር።»

ወደ እኔ ዞረ። እኔ አልተናገርኩም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ማን ነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረንም። ሲወጡ በጆሮዬ፣ ‹ያን ከኋላው ያለውን መስኮት ዝጊለት፣ ልጄ፤ ጭስ አይችልም› አሉኝ።» ልጅቷ ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች። «ለሁሉም ነገርኳቸው። እስኪነግሩን ብለን ነው ዝም ያልነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በየኮሪደሩ «እንዴት ዋሉ፣ ዶክተር» ሲሉት፣ እሱም አገጩን ቀና አድርጎ ሲያልፍ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። የተሸሸገ የመሰለው ለራሱ ብቻ ነው። ኀፍረቱ ጆሮው ድረስ ሲወጣ አየሁት። ዘወር ብሎ መስኮቱን አየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልከፈተውም፤ እንደተዘጋ ነው።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቁጥሩን ነካካ። ለሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

«ሃሎ?»

«እታለም፣ ክፍል ውስጥ ነኝ። ተማሪዎቼ በሙሉ አሉ። እህቴ ናት፣ እሷ ናት ያሳደገችኝ ብያቸዋለሁ። ይሰሙሻል።»

ከወዲያ እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል። አጥፉት ዕንባውን ሊውጥ ሲታገል ትን አለውና አፉን በክንዱ ከድኖ ማሳል ጀመረ።

«እያሳለህ ነው?» አሉ ባለዳቦዋ። «መስኮቱን አልዘጉልህም እንዴ?»